እሁድ ጠዋት የጨሰው ሳውና

አያቴን ሎቪሳን ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ እስክትሞት ድረስ፣ ከሞተችም በኋላ ብዙ ዘመን፣ አጥብቄ ጠልቻታለሁ። ያለ ምክንያት አልነበረም። የእናቴን ስኪ፣ በረዶ ላይ የምትንሸራተትበትን ረጅም እንጨት፣ የእንፋሎት መታጠቢያችን ሳውና ውስጥ አስገብታ ስታሞቅ በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ።

በእኛ መንደር በኮርፒቫራ አፉን ያልፈታ ሕፃን ካልሆነ በቀር ይህን የማያውቅ የለም፤ ስኪ ቤት አይገባም። ሌሊቱን ውጭ የጎተራውን ግድግዳ ተደግፎ ያድራል። ሙቀት የጠጣ እንጨት በረዶ ላይ ሲወጣ በረዶው ከሥሩ ይለጠፍበታል። መንሸራተቱ ይቀርና ሰውየው ሁለት የበረዶ ጉማጅ ላይ ቆሞ ይንገዳገዳል። እኛ ልጆች ረስተን ስኪያችንን ይዘን ወደ ማድ ቤት ከገባን ጆሯችንን የምትቆነጥጠን አያቴ ራሷ ነበረች። እንግዲህ ይህን የምታውቅ ሴት፣ ከቀኑ ሁሉ በዚያ ቀን፣ ከስኪው ሁሉ ያንን ስኪ፣ ምድጃ አጠገብ ምን ልታደርገው ነው የምታስገባው? የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩና አንድ መልስ ብቻ ነበረኝ።

እናቴ ኢምፒ ሄይስካነን ትባል ነበር። ዛሬ ስሟን የሚያነሳ የለም። በስኪ መሮጥ የጀመረችው ሯጭ እሆናለሁ ብላ አይደለም። ከጦርነቱ በኋላ ባሉት ክረምቶች በየማለዳው የወተት ዕቃ ጀርባዋ ላይ አዝላ፣ ሐይቁን በስኪ አቋርጣ፣ ወተት ወደሚሰበሰብበት ትወስድ ነበር። ሙሉውን ዕቃ ተሸክማ ሄዳ ባዶውን ይዛ ስትመለስ ያዩዋት ሰዎች ናቸው ወሬውን ያዛመቱት። አንድ ቀን የመንደሩ ባለሱቅና የስኪ ክበባችን ሊቀመንበር የነበረው አርቪ እቤታችን መጥቶ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ።

“ኢምፒ፣ ለስኪ ቅብብሎሹ ሩጫ ሦስተኛ ሴት ጎድሎናል” አለ።

“ላሞቹስ?” አለች አያቴ። ማንም አልጠየቃትም።

“አንድ እሁድ ነው እኮ እማማ ሎቪሳ።”

“የእኔንም ልጅ አንድ እሁድ ብላችሁ ነው የወሰዳችሁት። ከዚያ ወዲያ ክረምት ከክረምት ቤት አላየሁትም።”

ልጇ ማለት አባቴ ታውኖ ነው። መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የመጥረቢያ እጀታ ይጠርብ ነበር። ከጦርነቱ በፊት በወረዳችን እሱን የሚቀድም አልነበረም። የጦርነቱ የመጨረሻ በጋ ላይ ግን ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ወንዝ ዳር ጥሎ፣ በእንጨት እግር ተመለሰ። ቢላዋውን አስቀመጠና አርቪን ሳይሆን እናቴን አያት።

“ትሂድ። ስኪዋን እኔ እቀባላታለሁ” አለ።

እናቴ በዚያ እሁድ ተራዋን ተቀብላ ስትሮጥ ማንም አልደረሰባትም። ከዚያ የወረዳውን፣ ቀጥሎ የአውራጃውን ውድድር አሸነፈች። አገር አቀፍ ውድድር ላይ ሁለት ጊዜ ሜዳሊያ አገኘች። በትናንሾቹ ውድድሮች ሽልማቱ የብር ማንኪያ ነበር። አባቴ ድሮ ያመጣቸው ማንኪያዎች በአንድ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጡ ነበርና የእናቴም እዚያው መግባት ጀመሩ። አንድ ቀን ገበታው ላይ በሁለት መስመር ደርድሬያቸው፣ የማን መስመር እንደሚረዝም ለካሁና በደስታ ዘልዬ ለአባቴ አበሠርኩት፤ “እማዬ በለጠችህ!” አልኩት። አባቴ ሳቀ፤ ራሴንም ዳሰሰኝ። አያቴ ግን ማንኪያዎቹን ከፊቴ አፍሳ መሳቢያው ውስጥ ደባለቀቻቸውና “ሁለተኛ በዚህ ስትጫወቺ እንዳላይሽ” አለችኝ። ምቀኛ ናት ብዬ ደመደምኩ።

ስለ አባቴ እጅ ልንገራችሁ። ስኪ በደንብ እንዲንሸራተት ከሥሩ ሰም የሚቀባ ብዙ ሰው አለ፤ እንደ እሱ የሚቀባ ግን አልነበረም። ጠዋት ወጥቶ በረዶውን በመዳፉ ያፍሳል፣ ጨብጦ ይለቀዋል፣ ይነፋበታል፣ ቴርሞሜትሩን ያያል፣ ሰማዩን ያያል። ከዚያ ለዕለቱ በረዶ የሚስማማውን ሰም ከቆርቆሮዎቹ መርጦ ይቀባና በቡሽ እያሸ፣ እንጨቱ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ያለሰልሰዋል። ከሩቅ መንደር ሳይቀር ሰዎች እየመጡ “ታውኖ፣ ለነገ ምን ትላለህ?” ይሉታል። ቶሎ አይመልስም። ሲመልስ ግን አይሳሳትም። እኔ ከጎኑ ቆሜ የቆርቆሮ ክዳን እይዝለት ነበር። ከልጅነቴ ደስ የሚለኝ ሽታ እስካሁን እሱ ነው፤ የጥድ ዝፍትና የቀለጠ ሰም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አርቪ ሱቅ አብሬው እሄድ ነበር። እዚያ ምድጃ ከበው የሚቀመጡ ወንዶች አሉ።

“የኢምፒ ባል መጣ፤ ቦታ ልቀቁለት” ይላል አንዱ።

“ታውኖ፣ እሷ ስትሮጥ ላሞቹን ማነው የሚያልበው?”

“ተው እንጂ፣ እሱ ባልዲውን በየትኛው እግሩ ይያዘው?”

ሁሉም ይስቃል። አባቴም ይስቃል። እኔም አባቴ ሲስቅ እስቃለሁ። በመንደሩ የሚወደድ ሰው ስለሆነ የሚቀልዱበት ይመስለኝ ነበር። ጋዜጣው የእናቴን ፎቶግራፍ ያወጣ ጊዜም አርቪ ቆርጦ ሱቁ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። እናቴ ፊት ለፊት ቆማለች። ከኋላዋ አባቴ ስኪዋን ታቅፎ ይታያል። ከሥሩ የእሷ ስም ተጽፏል፤ የእሱ አልተጻፈም። እኔ ግን አባቴ ጋዜጣ ላይ ወጣ ብዬ ትምህርት ቤት ስኩራራ ሰነበትኩ።

ያ ክረምት መጣ። ለዓለም ሻምፒዮና ሴቶች የሚመረጡበት ውድድር በእኛው ወረዳ፣ በቤተ ክርስቲያኑ መንደር እንዲሆን ተወሰነ። የተመረጡት ባሕሩን በመርከብ ተሻግረው ስዊድን ይሄዳሉ። እናቴ ሠላሳን አልፋለች። አርቪ እየመጣ “ኢምፒ፣ ዘንድሮ ካልሆነ መቼም አይሆንም” ይላታል። እሷ ብዙ አታወራም። አንድ ማለዳ ግን ላም ስታልብ ግንባሯን የላሟ ጎን ላይ አስደግፋ ሳለ “ሪትቫ” አለችኝ።

“አቤት።”

“እኔ እኮ ባሕር አይቼ አላውቅም።”

“እንደ ሐይቃችን ነው?”

“ማዶው አይታይም ይላሉ።” ከዚያ ትንሽ አለበችና “ማዶው የማይታይ ውኃ ማየት እፈልጋለሁ” አለች። እናቴ እፈልጋለሁ ስትል የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ባሕር ሳታይ ነው የሞተችው።

ከውድድሩ በፊት ባለው ቅዳሜ አባቴ ስኪውን ሲቀባ ክዳን ልይዝለት ብሄድ “ዛሬ ብቻዬን ልሥራ” ብሎ መለሰኝ። ትልቅ ውድድር ስለሆነ ነው አልኩ። ቀብቶ ሲጨርስ እንደ ወትሮው የጎተራው ግድግዳ ላይ አስደገፈው። በየተራ ሳውና ገብተን ታጠብን፤ ድንችና ጨው ዓሣ በላን፤ እናቴ ቶሎ ተኛች። እኔ የምተኛው ከአያቴ ጋር ነበር። አልጋ ውስጥ ሆኜ እሷና አባቴ ማድ ቤት ውስጥ ሲነጋገሩ እሰማለሁ። የአባቴ ድምፅ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉርምርምታ ብቻ ነው የሚደርሰኝ። የአያቴ ግን ግድግዳ ይበሳል።

“ሄዳ ብትቀርስ?” አለች። ጉርምርምታ። “የአርቪ እህት ሌላ፣ ኢምፒ ሌላ።” ጉርምርምታ። “ልጅ አላት።” በመጨረሻ “አንተ ሂድና ተኛ። ጠዋት የሚሆነውን እናያለን” አለች።

የአርቪ ታናሽ እህት ባለፈው ዓመት ስዊድን ፋብሪካ ልትሠራ ሄዳ በዚያው መቅረቷን አውቃለሁ። አያቴ እናቴም ሄዳ እንዳትቀር ፈርታለች፤ ላም የሚያልብላት ታጣለች፤ ስለዚህ ልታስቀራት ነው። እንዲህ ብዬ አሰብኩ። “ሄዳ ብትቀርስ” ያለው አባቴ እንደነበረና አያቴ ቃሉን ደግማ እየመለሰችለት እንደነበረ ለመረዳት ዕድሜዬን ነው የፈጀብኝ።

ጠዋት ስነቃ አያቴ ከጎኔ የለችም። ሽንት ቤት ለመሄድ የጫማዬን ማሰሪያ ሳላስር ወጣሁ። ገና ጨለማ ነው፤ በረዶ በትልልቁ ይጥላል። ዓይኔ ወደ ሳውናው ሄደ፤ የጭስ ማውጫው ይጨሳል። እሁድ ጠዋት ሳውና የሚያነድ ክርስቲያን አይቼ አላውቅም። የጎተራውን ግድግዳ አየሁ፤ የእናቴ ስኪ የለም። በረዶው ላይ የአያቴ ዱካ ብቻ ከጎተራው ወደ ሳውናው ይሄዳል።

በመስኮቱ አጮለቅሁ። ፋኖስ በርቷል። ስኪዎቹ በአግዳሚዎቹ ላይ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተጋድመዋል፤ ምድጃው ከአጠገባቸው ይንቦገቦጋል። አያቴ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ከጠርሙስ ጨርቅ ላይ እያፈሰሰች፣ ስኪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ትፈትጋለች። ከዚያ በቢላዋ ጀርባ ትፍቃለች። ከዚያ እንደገና ትፈትጋለች። በመስኮቱ ስንጥቅ የአኳራጅ ሽታ ወጥቶ አፍንጫዬን አቃጠለኝ፤ አባቴ ቀለምና አሮጌ ሰም የሚያስለቅቅበት ነው። ፊቷ ረጥቧል። ላብ ነው አልኩ። ለራሷ የሆነ ነገር ታጉተመትማለች፤ የአባቴን ስም ብቻ ለየሁት።

ሸሽቼ ሄጄ ከማገዶው ክምር ኋላ ተደበቅሁ። አያቴ ስኪዎቹን ይዛ ወጣችና በረዶ ውስጥ ቀበረቻቸው፤ በእጇም በረዶ እያፈሰች ላያቸው ላይ ትከምራለች። ወንጀሏን እየደበቀች ነው አልኩ። ትኩስ እንጨት ለማቀዝቀዝ ሌላ ምን ማድረግ ይቻላል? ይህን ዛሬ እጠይቃለሁ። ያኔ የጠየቅሁት ነገር አልነበረም።

አባቴ ፈረሱን ሊጭን ሲወጣ ስኪው ቦታው ተመልሷል። አባቴ ስኪውን አየ፤ ቀጥሎ አያቴን አያት።

“ነክተሽዋል?” አላት።

“እኔ ምን አውቄ እነካዋለሁ” አለችው። ዓይኗን ግን አልነቀለችም። እሱ ነው አንገቱን የደፋው። “ልጄ፣ ገና ጊዜ አለህ” አለችው። ፈረሱን ለመጫን ማለቷ መሰለኝ።

ላሞቹ ስላሉ አያቴ ቀረች። እኛ ሦስታችን በፈረስ በሚጎተተው ተንሸራታች ሄድን። መንገዱን ሁሉ ልናገር እልና አባቴ ፊት ለፊቴ ስለሆነ እተዋለሁ። እናትን በልጇ ፊት መክሰስ እንደማይገባ በሰባት ዓመቴም ይገባኝ ነበር።

የቤተ ክርስቲያኑ መንደር በሰው ተጥለቅልቋል። ሰሙ የሚሠራበት ቦታ እሳት ይነዳል። ሁሉም ስኪውን ገልብጦ ይፍቃል፣ ይቀባል፣ ይጨቃጨቃል፤ አዲስ በረዶ፣ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ሁለት፤ ሰም ቀቢን የሚያሳብድ አየር ነው። አባቴ ፈረሱን ሊያስርና ድርቆሽ ሊሰጠው ሄደ። ያኔ የእናቴን ጓንት ጎተትኩ።

“እማዬ፣ አያቴ ስኪሽን ሳውና ውስጥ አስገብታው ነበር።”

የራስ መሸፈኛዋን እያሰረች ነበር። “መቼ?”

“ዛሬ ጠዋት። እሳት አንድዳ።”

ትቆጣለች፣ ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን “ምን ምን ይሸት ነበር?” አለችኝ።

“ምኑ?”

“ሳውናው። ምን ይሸታል?”

“አኳራጅ።”

እጇ ቆመ። ጓንቷን አወለቀች፣ ስኪውን ገለበጠች፣ አውራ ጣቷን ከመሐል እግር ማሰሪያው ሥር ቀስ አድርጋ አሳለፈችው። ጣቷን አሸተተችው። ከዚያ ቀና ብላ አባቴ ወዳለበት አየች። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶን የፈረሱን አንገት ይዳብሳል። በጣም ረጅም ጊዜ ያየችው መሰለኝ።

“ለሌላ ሰው ነግረሻል?”

“አልነገርኩም።”

“እንዳትነግሪ። ለአባትሽም፣ ለአያትሽም። ሰማሽኝ?”

አርቪ እየሮጠ መጣ፤ ጢሙ በረዶ ይዟል። “ኢምፒ፣ ገና ሰዓት አለሽ። ሁሉም እያስለቀቀ እንደ አዲስ እየቀባ ነው። እሳቱ ነዷል፣ አምጪው።”

“አልፈልግም።”

“አንድ ጊዜ በጨርቅ ልጥረግልሽ ብቻ።”

እጁን ወደ ስኪው ሲዘረጋ እናቴ ወደ ደረቷ ሳበችው። “ታውኖ የቀባውን ስኪ ሌላ ሰው አይነካውም” አለች። ጮክ ብላ ነው ያለችው። የሰሙ እሳት ዙሪያ ያሉት ወንዶች ሁሉ ዞረው አዩ። “እንዲህ ያለች ሚስት ለሁላችንም ይስጠን” አለ አንዱ። አባቴ ሰምቷል፤ ግን አልዞረም። እኔ በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ። አሁን በኩራት ጊዜ ነው? ስኪው ተበላሽቷል እኮ፣ ነገርኩሽ እኮ።

አባቴና እኔ መጨረሻው ዳገት ላይ ሄደን ቆምን። ሯጮቹ በየተራ ስለሚለቀቁ አንድ በአንድ ነው የሚደርሱት። አንዷ አለፈች፣ ሌላዋ አለፈች። አባቴ በምርኩዙ በረዶውን ይቆፍራል። ከዛፎቹ መሐል እናቴ ብቅ ስትል መጀመሪያ አላወቅኋትም። ረዝማለች። ከእግሯ ሥር የተጋገረው በረዶ ከፍ አድርጓታል። ሁለት እርምጃ ትሄድና እግሯን እያነሳች ትመታለች፣ ጉማጁ ይረግፋል፣ ሁለት እርምጃ ስትሄድ ይመለሳል። ከኋላዋ አንዲት ልጅ እግር ሯጭ “መንገድ!” ብላ ጮኸች። መንገድ ሲጠየቅ መልቀቅ ግዴታ ነው። እናቴን ግን መንገድ የጠየቃት ሰው ኖሮ አያውቅም። ወደ ጎን ወጥታ፣ ወገቧ ድረስ ጥልቅ በረዶ ውስጥ ገብታ አሳለፈቻት።

እኛ ጋ ስትደርስ አባቴ አንድ እርምጃ ወደ መንገዱ ገባ። “ኢምፒ” አለ። ድምፁ የሱ አይመስልም። “ስኪው እንዴት ነው?”

በውድድር መሐል የሚቆም የለም። እናቴ ቆመች። ከቅንድቧ ላብና በረዶ ይንጠባጠባል። ዓይን ለዓይን አየችው።

“ጥሩ ነው ታውኖ” አለች። “በጣም ጥሩ ነው።”

ከዚያ ዳገቱን እግር በእግር እየረገጠች ወጣች። አባቴ ባለበት በረዶው ላይ ቁጭ አለ። እጅጌውን ብጎትት፣ “አባዬ ተነስ፣ መግቢያው ላይ እንይላት” ብለው አልተነሳም። ፊቱን በቆቡ ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ለእሷ አዝኖ ነው ብዬ አብሬው አለቀስኩ።

ከመጨረሻዎቹ አንዷ ሆና ገባች። አርቪ ምን እንደደረሰባት ሲጠይቃት “እግሬ እምቢ አለኝ፤ አርጅቻለሁ መሰለኝ” አለችው። ጋዜጣውም በሳምንቱ የኢምፒ ሄይስካነን ዘመን ማለፉን በሁለት መስመር ጽፎ ተገላገለ።

እቤት ስንደርስ አያቴ ደጅ ቆማ ጠበቀችን። ማንንም አልጠየቀችም፤ የእናቴን ፊት አየችና አፏን በሽርጧ ጫፍ ያዘች። እናቴ ከተንሸራታቹ ወረደች፣ ቀጥ ብላ ሄደችና አቀፈቻት። በእኛ ቤት ሰው ሰውን አያቅፍም፤ ለቀብር እንኳ እጅ ነው የምንጨባበጠው። “የእርስዎ ጥፋት አይደለም እማማ” ስትላት ሰማሁ። ጠላቷን ታቅፋለች ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። የዋህነቷ አናደደኝ።

እናቴ ከዚያ በኋላ ተወዳድራ አታውቅም። አባቴ የሰም ቆርቆሮዎቹን ሰብስቦ ለአርቪ ሰጠ፤ ምክር ሊጠይቁት የሚመጡትንም “ረስቼዋለሁ” እያለ መለሳቸው። በዚያ በእንጨት እግሩ ላሞቹን ማለብ የጀመረው እሱ ሆነ፤ ውኃም ይቀዳ ነበር። ሁለቱ ክፉ ቃል ሲለዋወጡ ሰምቼ አላውቅም። ሌላም ቃል ብዙ አልሰማሁም። አያቴ ስትሞት እንደ ወጉ ሳውና ውስጥ የሚያጥባት ሴት አስፈለገ። ጎረቤቶች ሊያግዙ ቢመጡ እናቴ መለሰቻቸውና ብቻዋን አጠበቻት። ዓይኗ አብጦ ወጣች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ አልገባሁም።

እኔም በተራዬ አያት ሆንኩ። አንድ ክረምት የልጅ ልጄ ስኪዋ ላይ የተሳሳተ ሰም ቀብታ እያለቃቀሰች መጣች፤ ለቀለጠ በረዶ የሚቀባውን፣ አዲስ በረዶ ላይ ግን በረዶ የሚያጋግረውን እንደ ማር የሚዝለገለግ ሙጫ ሰም ነው። ጨርቅና ማስለቀቂያ ይዤ ውጭ ብፈትግ ብፈትግ እምቢ አለኝ። ቀዝቃዛ ሙጫ አይለቅም። ስለዚህ ምድጃው አጠገብ አስገባሁት። ሙቀቱ ሲነካው ሙጫው ላላ፣ የማስለቀቂያው ሽታ ቤቱን ሞላው፣ እጄ ጨርቁን እንደያዘ ቀረ።

ስኪ ማበላሸት የሚፈልግ ሰው አኳራጅ ምን ይሠራለታል? አያቴ ሰም አልቀባችም። እያስለቀቀች ነበር። የቀባው ሌላ ሰው ነው፤ የዚያን ስኪ ጥንድ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚቀባው። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

አባቴ ያኔ ከሞተ ቆይቷል። እናቴ ዘጠናን አልፋ በቤተ ክርስቲያኑ መንደር የአረጋውያን ቤት ነበረች፤ ያ ዳገት በመስኮቷ ይታያል። ካፖርቴን ሳላወልቅ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

“አባዬ ነበር” አልኳት። ሌላ ምንም አላልኩም።

የምለው ገባት። እጆቿን ብርድ ልብሱ ላይ አስተካከለች። “ሙጫ ነው” አለች። “ከላይ ጥሩውን ሰም ቀብቶ ሸፈነው። እጁ ጥሩ ነበር፤ በዓይን አይታይም። እማማ ቅዳሜ ሲቀባ ቆርቆሮውን አይተው ኖሯል።”

“ታዲያ ለምን አልነገሩሽም?”

“ልጃቸው ነው። በዝምታ ሊያስለቅቁት ሞከሩ፤ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ነበር፣ ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ስኪውም አልቀዘቀዘም።”

“አርቪ ላጽዳልሽ ሲልሽስ? ጊዜ ነበረሽ እኮ።”

“አርቪ ጨርቁን አንዴ ቢያስነካው ያውቃል። ሳይመሽ ወረዳው ሁሉ ያውቃል። አባትሽ ፈርቶ ነበር። ሄጄ የምቀር መሰለው። እግሩ ሄዷል፤ ሰም የሚያውቅ ሰው መባሉ ብቻ ነበር የቀረው።”

“አንቺስ? አንቺ ምን ቀረሽ?”

“እኔማ ሁለት እግር ነበረኝ” አለች።

አለቀስኩ። ለእሷ ነው፣ ለአያቴ ነው፣ ዳገቱ ላይ ቁጭ ላለው ሰው ነው፣ እኔም አላውቅም። እሷ አላለቀሰችም።

“ጥሩ ነው ስትዪው፣ ማወቅሽን አውቆ ነበር?”

“አወቀ።”

“ከዚያ በኋላስ ተነጋገራችሁ?”

“ምን እንነጋገራለን።”

“ይቅር አልሽው?”

ልነሳ ስል “አላልኩትም” አለች። “አንድም ቀን። አብሬው ኖርኩ እንጂ።”

ከዚያ ራሷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ዓይኗ ደክሟል፤ ከብርሃን በቀር ብዙ አይታያትም። “ውጭ ስንት ነው?” አለችኝ።

ተነስቼ ቴርሞሜትሩን አየሁ። “ከዜሮ በታች ሁለት። በረዶ በትልልቁ እየጣለ ነው።”

“ለእንዲህ ያለ ቀን ሙጫ አይቀባም” አለች እናቴ። “ይህን ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።”